የመሶበ ወርቁ እምብርት

የአዳራሹ በር ላይ ስደርስ የረጠበ ስንደዶ ሸተተኝ። ወጣቶቹ የሰፈሩን የእጅ ሥራ ከበሩ ግራና ቀኝ ደርድረውታል፤ አንዲት ልጅም ስንደዶ በሳፋ ዘፍዝፋ አጠገቡ ተቀምጣለች። የስንደዶ ሽታ ከጭድም ከድርቆሽም ይለያል። ክረምቱ አልቆ የጉና ጉም ሲገለጥ፣ ልጃገረዶች ሣሩን ነቅለው ሲመለሱ መንገዱን የሚሞላው ሽታ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ በማግሁት ነበር። የዚያን እሑድ ግን አልቆምኩም። የልጄን የትዕግሥትን ክንድ ይዤ፣ በልቤ «እመቤቴ፣ አታሳፍሪኝ» እያልኩ ገባሁ።

አዳራሹ የድሮው የቀበሌ አዳራሽ ነው። ሰው ሁሉ ካኪ ይለብስ በነበረበት ዘመን ስብሰባ የተቀመጥንበት፣ ስኳር ተሰልፈን የወሰድንበት። የኪነት ልጆች እዚሁ በከበሮና በማሲንቆ ይዘፍኑ ነበር። ሴቶቹ አንገታቸው ላይ አረንጓዴ የናይለን ሻርፕ ያስሩ ነበር፤ ያ ሻርፕ እንዴት ያምረኝ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። አንድም ቀን አልገዛሁትም። አሁን ጣሪያው ታድሷል፣ አግዳሚው በፕላስቲክ ወንበር ተለውጧል። ወጣቶቹ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረዋል። ስለ ሰፈራችን ጥበብ የሠሩትን ፊልም ሊያሳዩን ነው፤ ከዚያ በኋላ ውይይት አለ ብለውናል። የኔ ዓይን ግን አንሶላው ላይ አልነበረም። አንድ ሰው ይፈልግ ነበር፣ ባይመጡ ብዬ ሦስት ቀን የጸለይኩባቸውን ሰው። መጥተዋል። እትዬ ዘሃራ ፊት ወንበር ላይ፣ ጥቁር ሻሻቸውን ተከናንበው፣ ከልጃቸው ከሩቂያ ጋር ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ስለደከመ ሩቂያ የሚባለውን ሁሉ ልትደግምላቸው ጠጋ ብላለች።

ለምን እንደፈራሁ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ከገሳይ ወዲያ ካለ መንደር ተድሬ ወደ ደብረ ታቦር የመጣሁት ገብስ በጫነ መኪና ላይ ነው። ኮንጎ ጫማዬ አዲስ ስለነበር እንዳይቆሽሽብኝ በእጄ ይዤው ወረድኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። የተከራየነው ቤት ከወፍጮው ዝቅ ብሎ፣ የልብስ ሰፊው መኪና ቀኑን ሙሉ ከሚንቀጫቀጭበት ጥግ ላይ ነው። ከፊት ለፊታችን ሻይ ቤት ነበር። ሻዩ ዐሥር ሳንቲም፤ ራዲዮኑ ደጁ ላይ ይውላል፤ ዘፈን በመጣ ቁጥር ሰፊው እግሩን ከዘፈኑ ጋር እኩል ስለሚያስኬደው ቀስ ያለ ዘፈን የመጣ ቀን ሥራው አይገፋለትም ይባል ነበር። ቦምቦሊኖው ከዘይት ሲወጣ የሚሸተው ሽታ የጾም ቀን ያስቸግረኝ ነበር። ዛሬ ያ ጥግ የባጃጅ መቆሚያ ነው። እኔ ግን በዚያ ሳልፍ አሁንም ዞር ብዬ አያለሁ።

በዚያ ቤት አንድ ነገር ያሳፍረኝ ነበር። ስፌት አላውቅም። እናቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ያሳየኝ አልነበረም። ሙሽራ ያለ ስፌት ስትመጣ ሰው አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ግድግዳዋን ቀና ብሎ አይቶ፣ ዝም ብሎ ይወጣል። የኔ ግድግዳ ባዶ ነበር።

እትዬ ዘሃራ በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ሸማኔ ነበሩ፤ ከቤታቸው የመወርወሪያው ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ ይሰማል። እኛ ለፋሲካ እንቁላል እንልክላቸዋለን፣ እነሱ ለኢድ ቴምር ይልኩልናል፤ እንዲህ ነበር የምንኖረው። አንድ ቀን ውሃ ልዋስ ገብቼ እትዬ ዘሃራን ሌማት ሲሰፉ አየኋቸው። ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ተቀመጪ» አሉኝ።

«ውሃ ልዋስ ነበር።»

«ውሃው አይሸሽም።»

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጎናቸው ነው የተማርኩት። ወስፌውን እንዴት እንደሚይዙ አየሁ፣ እንደዚያው ያዝኩ። ስንት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው ሌሎች ሴቶች ሲሰፉ አይቼ የደነገጥኩት። እትዬ ዘሃራ የሚበሉት በቀኝ፣ የሚሰፉት በግራ ነበር። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ በቀኜ እበላለሁ፣ በቀኜ አማትባለሁ፣ በግራዬ እሰፋለሁ። ስለዚህ የሁሉም ሴት ስፌት ወደ አንድ ጎን ሲዞር የእትዬ ዘሃራና የኔ ወደ ሌላው ይዞራል። የማያውቅ ሰው ልብ አይለውም። ስፌት የምታውቅ ሴት ግን ገልብጣ ካየችው ትለየዋለች።

ሁለት ልጆች ቀበርኩ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ሦስተኛውን ሳረግዝ ለሰፈራችን ማርያም ተሳልኩ፤ «ይህን ካቆምሽልኝ መሶበ ወርቅ ሰፍቼ አገባልሻለሁ» አልኩ። መሶበ ወርቅ ማለት ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት ከቤተ ልሔም ወደ መቅደስ የሚገባበት ባለ ክዳን ስፌት ነው። ትዕግሥት ተወለደች፣ ቆመችልኝም። ተመስገን። አሁን ስለቱን ማድረስ ቀረ። አለላውን ነከርኩ፤ ቀዩ ቀለም አንዱ እሽግ ስሙኒ ነበር፣ አረንጓዴው ትንሽ ይወደድ ነበር። ሁሉ ተሟላ። መነሻው ግን እምቢ አለኝ።

ስፌት የሚያስቸግረው መነሻው ላይ ነው። የመሃሉ የመጀመሪያው ዙር፣ እምብርቱ የምንለው፣ በትንሹ ከተዛባ መሶቡ ቁመት ሲያወጣ ይዘማል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያቃናውም። አራት ጊዜ ጀመርኩ፣ አራት ጊዜ ፈታሁ። በአምስተኛው እትዬ ዘሃራ ከእጄ ነጠቁኝ።

«ይሄ እኮ ለማርያም ነው፣ እትዬ ዘሃራ» አልኳቸው።

«ገና ሣር ነው» አሉኝ። «መርየምን ደሞ እኛም እናውቃታለን።»

በግራ እጃቸው፣ ባላቸው ሸማ እየወረወሩ፣ እሳቸው በአፍንጫቸው መንዙማ እያንጎራጎሩ፣ እምብርቱን የመዳፍ ስፋት እስኪያህል ሰፉት። ከዚያ ሰጡኝ።

«ከዚህ ወዲያ ያንቺ ነው። ስሜን ግን አታንሺ። ካህናቱ ስለትሽን ይመልሱብሽና ልጅሽን ስትፈሪ ትኖሪያለሽ።»

ዓመት ሙሉ ሰፋሁት። ሳስገባው የዚያን ጊዜው የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ አገላብጠው አዩትና «ማን አሳየሽ?» አሉኝ። «እግዚአብሔር» አልኩ። «እሰይ፣ ልክ ነሽ» አሉኝ። ያች መልስ አፌ ላይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ስፌቴን ያየ ሁሉ ሲጠይቀኝ እሷኑ እሰጣለሁ። ሰው ደስ ይለዋል፣ አንዳንዱም ያማትባል። እኔም እውነት ነው እላለሁ፤ ከእሱ ያልተሰጠ ምን አለ? ግን በዚያ እውነት ውስጥ ምን እንደደበቅሁ አውቃለሁ። መሶበ ወርቁ ተባርኮ ከገባ ጀምሮ እጄ አልነካውም። በየሰንበቱ በጃንጥላ፣ በቃጭል ሲያልፍ እሰግዳለሁ። ስሰግድ ሁልጊዜ የሚታየኝ እምብርቱ ነው።

ከዚያ ዘመን ስንት ነገር ተለወጠ። ቤቶቹ ፈረሱ፣ አጥሩ ተነሣ፣ እትዬ ዘሃራ ባላቸው ሲሞቱ ገበያው አጠገብ ሩቂያ ዘንድ ገቡ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስፌት ካቆሙ ቆዩ። በየበዓሉ እንጠያየቃለን። ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

በዚህ ዓመት ነው ምሕረት የምትባል ልጅ ካሜራ ይዛ የመጣችው፤ ከጓደኞቿ ጋር የሰፈሩን ጥበብ እየዞረች ትቀርጻለች። ትሑት ልጅ ናት። ግቢዬ ውስጥ ተቀምጬ ስሰፋ ቀረጸችኝ።

«እማማ በላይነሽ፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረዎት?»

«እግዚአብሔር» አልኩ።

«ሌላስ በዚህ ሰፈር የሚሰፋ የድሮ ሰው አለ?»

«አሁን የሚሰፋ የለም።»

ይህም ውሸት አይደለም። አሁን አይሰፉም። ያን ሌሊት ግን ጸሎቴ አልሄደልኝም።

ፊልሙ ሊታይ ሦስት ቀን ሲቀረው ምሕረት መጥታ የኔን ቦታ በስልኳ አሳየችኝ። እጄ በትልቁ ይታያል፣ ግራ እጄ። ቀጥሎ ድምፄ «እግዚአብሔር» ይላል። ከዚያ የመሶበ ወርቁ ፎቶ ይመጣል፤ ያኔ ከመግባቱ በፊት ፎቶ አንሺ ቤት ወስጄ ያስነሣሁት ነው፤ ለልጅቷ የሰጠኋት እኔው ነኝ።

«ይህን ቦታ ብታወጪው» አልኳት።

«ምነው እማማ? ያየው ሁሉ የወደደው ይህንን ነው። እትዬ ሩቂያ ባለ ሱቋን ያውቋታል? እናቷን ይዛ ልትመጣ ነው፤ ነግሬያታለሁ።»

ለእትዬ ዘሃራ ቀድሜ ልንገራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ እስከ ሩቂያ ሱቅ ሄጃለሁ። አንዴ ጨው ገዝቼ ተመለስኩ፣ አንዴ ክብሪት። እሳቸው በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «ምነው ከሳሽ?» አሉኝ። «ጾም ነው» አልኩ።

እንግዲህ ተቀመጥን። መብራቱ ጠፋ። መጀመሪያ ብራና የሚፍቁ ሽማግሌ መጡ፣ ከዚያ የሻይ ቤት ግድግዳ ላይ አንበሳና ፏፏቴ የሚስል ሠዓሊ፣ ከዚያ ከበሮ በቆዳ የሚለጉሙ ሁለት ወንድማማቾች። ሰው የሚያውቀውን ባየ ቁጥር ይስቃል፣ ስም ይጠራል። እኔ የማየው የሩቂያን ጀርባ ነው። ወደ እናቷ ጆሮ ጎንበስ ትላለች፣ ቀና ትላለች። ከኋላዬ የንስሐ አባቴ መምሬ ይባቤ ተቀምጠዋል፤ ሲያስሉ ይሰማኛል። እሳቸውም አያውቁም። ይህን ሁሉ ዓመት ስናዘዝ ይህችን አንዲት ነገር ዘልያታለሁ።

ግራ እጄ አንሶላውን ሞላው። ወስፌው ይገባል፣ ይወጣል። እትዬ ዘሃራ አንገታቸውን አቀኑ። «ማን አስተማረዎት?» አለ የምሕረት ድምፅ። «እግዚአብሔር» አለ የኔ። አዳራሹ «እሰይ» አለ። ሩቂያ ወደ እናቷ ጎንበስ አላለችም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ቀረች። እትዬ ዘሃራ ክንዷን ሲነኩና «ምን አለች?» ሲሉ ሰማሁ፤ ጆሮ የደከመው ሰው ቀስ ብሎ አይናገርም።

ፊልሙ አልቆ ብርድ ልብሶቹ ሲነሡ ብርሃኑ አሳመመኝ። ምሕረት ማይክራፎን ይዛ ውይይቱን ከፈተች። አንዱ ለወጣቱ ቦታ ይሰጥ አለ፣ አንዱ ብራና ጠፋ አለ። ከዚያ ከወፍጮው ሰፈር ጀምሮ የማውቃት ማንጠግቦሽ ተነሣች። እሷም ስፌት ሰፊ ናት።

«እኔ የገረመኝ እጇ ነው» አለች። «በላይነሽ፣ ቀኝሽን አሞሽ ነው ወይስ ለፎቶ እንዲያምር ነው?»

ሰው ሳቀ። ማንጠግቦሽ ግን አልሳቀችም። «እኔ በዚህ አገር በግራ የምትሰፋ አንዲት ሴት ነው የማውቀው» ብላ ተቀመጠች።

ማይክራፎኑ እጄ ላይ መጣ። ከበደኝ። አልናገርም ብል ይተዉኝ ነበር፤ አሮጊት ነኝ፣ ሳቅ ብዬ ብቀመጥ ነገሩ እዚያው ያልፍ ነበር። ሩቂያ ዞራ አየችኝ። በዓይኗ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ያስተማሩኝ እትዬ ዘሃራ ናቸው» አልኩ። «የማርያምን መሶበ ወርቅ እምብርቱን የሰፉት እሳቸው ናቸው፣ በእጃቸው። እግዚአብሔር እሳቸውን ሰጠኝ። ስማቸውን ግን እኔ ዋጥሁት።»

ከዚህ በላይ አልተገኘልኝም። ትዕግሥት እጄን ያዘች። ሩቂያ ወደ እናቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ ቆየች። እትዬ ዘሃራ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፦

«አርባ ዓመት ስትታዘዢኝ ኖረሽ ዛሬ አመፅሽ?» አሉ።

ሰው ሳቀ፣ አንዳንዱም እንባውን ጠረገ። እኔ ግን መምሬ ይባቤን ዞሬ አየሁ። አልሳቁም። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና ቀስ ብለው ወጡ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ።

«ለምን እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ?» አሉኝ።

«ፈራሁ፣ አባ።»

«እኔን ነው?»

«እርስዎንም። መሶበ ወርቁ ከመቅደስ ይወጣብኛል ብዬም ፈራሁ። ልጄ የቆመችበት ስለት ነው።»

«ስለ ዝምታሽ አርባ አርባ ስግደት ሰባት ቀን ስገጂ» አሉኝ። «ስለ መሶበ ወርቁ ግን ብቻዬን አልወስንም። ለአባቶች ላቅርበው።»

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ባለፈው ዓመት አንድ ምእመን ከሩቅ ያመጣው አዲስ መሶበ ወርቅ ቤተ ልሔሙ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ክዳኑ ዝቅ ያለ፣ ክብ ነው። የኔ ክዳኑ ረጅም፣ ጫፉ ሹል ነው። እሑድ ሲነጋ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በሴቶቹ በኩል ከቤተ ልሔሙ ትይዩ ቆምኩ። ብርዱ እስከ አጥንት ይገባል። እኔ ግን ያልበኝ ነበር።

ቃጭሉ ተሰማ። ጃንጥላው ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ መሬት ሰገደ። እኔ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ቀና ብዬ አየሁ። መምሬ ይባቤ ራሳቸው ይዘውታል። ቀዩ ልብስ ሸፍኖታል። ከላይ ግን ልብሱን ሹል ነገር ወደ ላይ ገፍቶታል። ያን ጊዜ ነው የሰገድኩት፤ ከዚያ መነሣት አቃተኝ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት አነሣችኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ሳልደርስ በገበያው በኩል ታጠፍኩ። ሩቂያ የሱቋን መዝጊያ ትከፍታለች፤ እኔን ስታይ ከውስጥ በርጩማ አምጥታ ከእናቷ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። እትዬ ዘሃራ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«መቅደስ ገባ?» አሉኝ።

ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ኖሮ ሩቂያ ነግራቸዋለች ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እሳቸውም ሲጠብቁ ኖረዋል።

«ገባ፣ እትዬ ዘሃራ» አልኩ ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ።

«ዘሟል?»

«ኧረ ቀጥ እንዳለ ነው።»

የግራ እጃቸውን አንሥተው ጉልበቴ ላይ አሳረፉት። ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያይ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«አይዘምማ። እኔ ነኝ የጀመርኩት።»